በሰፈር ደጅ ላይ ሐረግ፦ ከወደቀ ቅጠል፣ ከገልና ከአፈር የሚሠራ የጋራ ሥዕል

ጎንደር ውስጥ ቄጠማ ጎዝጉዞ የማያውቅ ቤት የለም። ለበዓል፣ ለቡና፣ ለእንግዳ ሣር እንጎዘጉዛለን፤ ማግስቱን ጠርገን እንጥላለን። ይህ መመሪያ ያንኑ ልማድ ትንሽ ሰፋ አድርጎ ወደ ደጅ ያወጣዋል። ከየሜዳው፣ ከየዛፉ ሥርና ከየጓሮው በተለቀመ ነገር የሰፈር ሰው ተሰብስቦ በአንድ ቀን የሚሠራው የመሬት ሥዕል ነው። ስፋቱ አራት ሜትር ነው፤ መካከሉ ላይ ስድስት ክንፍ ያለው አበባ፣ ዙሪያውን ደግሞ እርስ በርሱ የሚጠላለፍ ሐረግ ይኖረዋል። ወጪው የሲባጎና የቡና ብቻ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ሥራ ሲያስብ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ንድፍ ያወጣል። ከዚያ "ቀይ የሚሆን ምን አለ?" እያለ ፍለጋ ይወጣል። እኔ በዚህ አልስማማም። መጀመሪያ ይለቀም፤ ከዚያ ክምሩ ይታይ፤ የትኛው ቀለም የት እንደሚገባ ያን ጊዜ ይወሰን። ንድፍ ይዞ የወጣ ሰው የጎደለውን ቀለም ለመሙላት ሲል ያልወደቀውን ይቀጥፋል፣ ያልተፈቀደለትን ይቆርጣል። ክምሩን አይቶ የሚሠራ ሰው ግን ባለው ይብቃቃል።

ወቅቱን ምረጡ

ጥቅምት ይሻላል። ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ጠፍፏል፤ ሜዳው ግን ገና አረንጓዴ ነው። ሣሩ ፍሬ ይዟል፣ አደይ አበባም ጨርሶ አልረገፈም። መስከረም ይበልጥ ያምራል የሚል አይጠፋም። ማማሩስ ያምራል፤ ግን ዝናቡ አይታመንም፣ ሰዉም በበዓል ተጠምዷል። ጥርና የካቲት ላይ አረንጓዴው ይቀንስና የደረቀ ፍሬ፣ ቅርፊትና ጭድ ይበዛል። ያኔ ሥዕሉ ቡናማና ወርቅማ ይሆናል፤ ይህም ክፋት የለውም። ሐምሌና ነሐሴን እርሷቸው።

ከመስከረም ሊያልፍ የማይገባ አንድ ሥራ ግን አለ፤ ስንደዶ ነቀላ ነው። ጊዜው ካለፈ አገዳው ይጠነክራል፣ ሲታጠፍም ይሰበራል። ስለዚህ በመስከረም ተነቅሎ፣ ጥላ ውስጥ ደርቆ፣ ታስሮ ይቀመጥ። ስፌት የሚያውቁ እናቶች ሰፈር ውስጥ ካሉ ይህን ለእነሱ ተዉላቸው፤ የትኛው ሜዳ ላይ እንዳለና መቼ እንደሚነቀል ከማንም በላይ ያውቃሉ።

ቦታና ፈቃድ

አምስት ሜትር በአምስት ሜትር የሆነ ሜዳማ ቦታ ይበቃል። የእድር ግቢ፣ የትምህርት ቤት ሜዳ ወይም መኪና የማይገባበት የሰፈር ደጅ ይሆናል። አስፋልት ላይ አትሥሩ፤ ችካል አይገባበትም፣ ነፋሱም ሁሉን ጠርጎ ይወስደዋል። የእድር ግቢ ከሆነ ዳኛውን አስቀድማችሁ አነጋግሩ። በዚያ ቀን ሐዘን ከመጣ ግቢው ለድንኳን ይለቀቃል፤ ሥዕሉ ሌላ ቀን ይደርሳል። ይህን ለሁሉም ከመጀመሪያው መናገር በኋላ ቅሬታ ያስቀራል። የቀበሌ መሬት ከሆነ ለቀበሌው አሳውቁ።

ለመልቀምም ፈቃድ አለ። የባሕር ዛፉ ባለቤት አለው፤ የወደቀውን ለመውሰድም ቢሆን ጠይቁ። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያለ ዛፍ ሥር ለመልቀም ገበዙን ማናገር ነው። የማሳ ዳር ያለ ነገር የገበሬው ነው። ኑግ ቢጫ ሆኖ ሲያዩት እጅ ያሳክካል፤ ግን ዘይት ነው፣ አይነካም።

ፋሲል ግቢ፣ ቁስቋም እና የፋሲል መዋኛ አካባቢ ምንም አይለቀምም፤ ጠጠርም ቢሆን። ግቢው እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ዝርዝር ውስጥ ነው። መዋኛው ግንብ ላይ የተጠመጠመውን የዛፍ ሥር ለማየት ልጆቹን ውሰዷቸው፤ ለንድፍ ሐሳብ የሚሆን እሱ ብቻውን በቂ ነው። ባዶ እጃቸውን ይመለሱ።

ለቀማ

ከሥዕሉ ቀን ሁለት ሦስት ቀን አስቀድማችሁ ደረቅ ደረቁን ልቀሙ። እርጥቡ በዋዜማው ማታ ወይም በዕለቱ ማለዳ ይለቀማል። ምን ያህል? አራት ሜትር ስፋት ያለው ክብ 12.5 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ብታለብሱት 125 ሊትር ይፈጃል። ይህም ወደ ሁለት የ50 ኪሎ ማዳበሪያ ሙሉ ይሆናል። ቅጠል ግን ይጠወልጋል፣ ይተኛልም። ስለዚህ አራት ማዳበሪያ ብላችሁ ያዙ።

ወርቃማው ደንብ ከወደቀው መጀመር ነው። ከከተማው ዙሪያ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ብቻ ስንት ዓይነት ነገር ይገኛል። ረጃጅም ልጥ አለ፣ የተጠቀለለ ቅርፊት አለ፣ ቀይ ቡናማ የሆነ የደረቀ ቅጠል አለ፣ ቆብ የመሰለች ፍሬም አለች። የፈረንጅ ጥድ ሥር ክብ ክብ ፍሬዎች ይገኛሉ። ጃካራንዳ ባለበት ግቢ ለሁለት የተከፈለ ጠፍጣፋ የፍሬ ቅርፊት ይወድቃል፤ ለጠርዝ ከእሱ የተሻለ የለም። ዋንዛ አብቦ ከሆነ ነጩ አበባ ሥሩ ላይ ተነጥፎ ይገኛል። ማለዳ ካልደረሳችሁበት ግን ይጠቁራል። የግራቪሊያ ቅጠል ጀርባው ብርማ ነው፤ ተገልብጦ ሲደረደር ያበራል።

እርጥብ ቅጠል ስትመርጡ እስከ ማታ የሚቆየውን ለዩ። የጥድ ቅርንጫፍ ለቀናት አረንጓዴ ይሆናል። የባሕር ዛፍም ይቆያል። ግራዋ ግን ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ይጠወልጋል። ቄጠማ ውሃ እየተረጨ እስከ ማታ ይዘልቃል።

አደይ አበባን በልክ። በየዓመቱ የሚመለሰው ከዘሩ ነው፤ ሜዳውን ሙልጭ ካደረጋችሁት ለከርሞ አይጠብቃችሁም። ከአንድ ቦታ አሥር አይታችሁ አንድ ቅጠፉ፤ ከሥሩም አትንቀሉ። ለሥዕሉ መካከል አንድ ሰፌድ ሙሉ ይበቃል።

ከየቤቱ የሚመጣው

ይህን ክፍል እኔ በጣም እወደዋለሁ፤ ሥራውን የሰፈር የሚያደርገው እሱ ነውና። ሜዳ መውጣት የማይችሉ ትልልቅ ሰዎች በዚህ ይገባሉ። ልጆቹን ሰፌድ አስይዛችሁ በየበሩ ላኩ። "እትዬ፣ የተሰበረ ጀበና ይኖርዎታል?" ብለው ይጠይቁ። የማይኖራት የለችም። የጀበናው፣ የምጣዱና የእንስራው ገል በድንጋይ ሲደቅ ደማቅ ቀይ ቡናማ ዱቄት ይሆናል። ዝናብም ፀሐይም የማያደበዝዘው ቀለም ነው።

የምድጃ አመድ ተነፍቶ ነጣ ያለ ግራጫ ይሆናል። ከሰል ሲደቅ ጥቁር ነው። የእንቁላል ቅርፊት ታጥቦ ደርቆ ሲደቅ ነጭ ይሰጣል፤ ግን ብዙ ስለሚፈጅ በጾም ፍቺ ሰሞን ማጠራቀም ጀምሩ። የቡና ዝቃጭ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ከደረቀ ሞቅ ያለ ጥቁር ቡናማ ነው። እርጥቡን ካስቀመጣችሁት ይሻግታል። ጭድ ከየትም ይገኛል፤ ለወርቅማው ቀለም ነው። የበቆሎ ልባስ ለስላሳ ስለሆነ ልጆች ይጎነጉኑታል።

ገል ስትደቁ አፍና አፍንጫ በነጠላ ይሸፈን፣ ትንሽ ውሃም ይረጭበት። አቧራው ለሳንባ ጥሩ አይደለም። ሕፃናት ከአጠገብ ይራቁ፤ ስብርባሪው ዓይን ውስጥ ይፈናጠራል።

የማይነኩ

ለቀማ ከመውጣታችሁ በፊት ይህን ለልጆች በደንብ ንገሩ። ቢቻል ተክሎቹን በዓይናቸው አሳይዋቸው።

ቁልቋልና ቅንጭብ ሲሰበሩ ነጭ ወተት ይወጣቸዋል። ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል፤ ዓይንንም ሊጎዳ ይችላል። ብዙ ግቢ በቅንጭብ ስለታጠረ ልጆች ለምደውታልና እንደ ቀላል ነገር ያዩታል። ከነካ ቶሎ በብዙ ውሃ ማጠብና ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

የጉሎ ፍሬ ዥጉርጉርና የሚያብረቀርቅ ስለሆነ ልጅን ይስባል። መርዝ ነው፤ ታኝኮ ከተዋጠ ይገድላል። አስተናግርም እንዲሁ። እሾሃማ ፍሬው ለጌጥ ያምራል፤ ዘሩ ግን አእምሮ ያስታል። ሁለቱም ሥዕሉ ውስጥ አይግቡ፤ በጓንትም ቢሆን። ሥዕሉ ደጅ ላይ ነው የሚውለው፤ ማን መጥቶ ምን እንደሚያነሳ አይታወቅም።

ቅንጬ አረም ነጫጭ አበባው እቅፍ ሙሉ ሆኖ መንገድ ዳር ይገኛል። ቀለም አገኘሁ ብላችሁ እንዳትታለሉ፤ ቆዳ ያሳክካል፣ አስም ያለበትንም ያስነሳል።

እንዶድ ለንክኪ ችግር የለውም፤ ዘለላውም ያምራል። ነገር ግን የተረፈውን ቀሃ ወይም አንገረብ ወንዝ ውስጥ አትጣሉ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው የቢልሃርዚያ ምርምራቸውን የጀመሩት። ቀንድ አውጣ ብቻ አይደለም፤ ዓሣም ይገድላል።

እንቦጭ፦ የፈለጋችሁትን ያህል

እስካሁን "በልክ" እያልኩ ነበር። በእንቦጭ ላይ ልክ የለም። ጣና ላይ ከታየ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ነው፤ የሰሜኑን ዳርቻ ክፉኛ አስጨንቆታል። ወደ ደምቢያ ወይም ወደ ጎርጎራ የሚወርድ ሰው ካለ ማዳበሪያ አስይዙት።

አገዳው ሲደርቅ ጠንካራና ለስላሳ ገመድ ይሆናል። ርጥቡ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ደርቆ እፍኝ ያህል ቢሆን አትደንግጡ። ረጅም ረጅሙን መርጣችሁ ፀሐይ ላይ ለአንድ ሳምንት ያህል ስጡት፤ ማታ ማታ አስገቡት። ጭራሽ ሲደርቅ ቡናማ ይሆናል። ከመጎንጎናችሁ በፊት ውሃ እርጩበትና በጨርቅ ጠቅልላችሁ አሳድሩት፤ አለበለዚያ ይሰነጠቃል። ሦስት ሦስት አድርጋችሁ ሹሩባ ጎንጉኑት። ለሐረጉ ጠርዝ ከሁሉ የተሻለው ይህ ነው።

አንድ ጥብቅ ነገር አለ። ሥሩና አበባው እዚያው ዳርቻ ላይ ይቅር። አገዳው ብቻ ተቆርጦ ይምጣ። አንዲት ሥር ያላት ቁራጭ አንገረብ ግድብ ውስጥ ብትገባ የከተማው የመጠጥ ውሃ ነው የሚታመሰው።

አፈር ማጣራት

አፈር ለሰፊው መደብ ነው። ጎንደር ዙሪያ ቀይ አፈርም ጥቁር ዋልካም አለ። ደረቁን ወንፊት ላይ ነፍቶ እንዳለ መበተን ይቻላል። ድንጋይ ለመቀባት ግን መጣራት አለበት።

አፈሩን ባልዲ ውስጥ በብዙ ውሃ በጥብጡት። አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቁ፤ አሸዋው ይዘቅጣል። ከላይ ያለውን ድፍርስ ውሃ ወደ ሌላ ባልዲ ገልብጡና አሳድሩት። ጠዋት የጠራውን ውሃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ፤ ታች የቀረው ልም ነው። እሱ ደርቆ ሲደቅ ቀለም ይሆናል። አንድ የእንቁላል አስኳል በእኩል ውሃ በጥብጣችሁ ዱቄቱን ለውሱበት፤ ድንጋይ ላይ ጥሩ አድርጎ ይይዛል። ዋልካውን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ ከወፈረ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል።

ሸክላ አፈር ከፈለጋችሁ በደባርቅ መንገድ ላይ ያለችው ወለቃ ቅርብ ናት። እዚያ ሸክላ የሚሠሩ ሴቶች አፈሩን ከየት እንደሚያወጡና እንዴት እንደሚያሹት ያሳያችኋል፤ ለሙያቸው ግን ክፈሏቸው።

መስመር ማውጣት

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጀምሩ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል።

መሬቱን ጥረጉ፣ ውሃ እርጩ። መካከል ላይ ችካል ትከሉ። ሲባጎ አስራችሁ 2 ሜትር ላይ ዘንግ ያዙና ክብ አዙሩ። ሌላ ክብ በ1.5 ሜትር አዙሩ። መስመሩን በአመድ አድምቁት። የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን በምስማር በስታችሁ አመድ ብትሞሉበት እንደ እርሳስ ያገለግላል።

አሁን የውስጡን አበባ እናውጣ። የ1.5 ሜትሩን ሲባጎ አታሳጥሩ፣ አታስረዝሙ። በውስጠኛው ክብ ላይ የፈለጋችሁት ነጥብ ላይ ቁሙና በዚያው ሲባጎ ክቡ ላይ ቀጣዩን ነጥብ ምልክት አድርጉ። ወደዚያ ነጥብ ሄዳችሁ ድገሙት። ስድስተኛው ልክ መነሻው ላይ ይገጥማል። ካልገጠመ ሲባጎው ተለጥጧል፤ ደግማችሁ ለኩ። ከዚያ በየነጥቡ ቆማችሁ በዚያው ሲባጎ ከክቡ ጠርዝ እስከ ጠርዝ፣ በመካከሉ ችካል የሚያልፍ ቅስት አውጡ። ስድስቱ ቅስቶች ስድስት ክንፍ ያለው አበባ ይሠራሉ። እያንዳንዱ ክንፍ 1.5 ሜትር ርዝመትና 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወርድ ይኖረዋል። ሁለት ሦስት ሰው ዙሪያውን ተቀምጦ ለመሥራት የሚመች ልክ ነው።

በሁለቱ ክቦች መካከል የቀረው ግማሽ ሜትር የሐረጉ ቦታ ነው። በብራና መጻሕፍት ራስጌ የምናየው ዓይነት እርስ በርሱ የሚጠላለፍ ሐረግ ማለቴ ነው። ስድስቱን ነጥቦች ወደ ውጪ አውጧቸው፤ በየመካከላቸውም አንድ አንድ ጨምሩ፤ አሥራ ሁለት ይሆናሉ። አንዱ ሐረግ ከመጀመሪያው ነጥብ ላይ ከውስጠኛው ጠርዝ ይነሳል፤ ሁለተኛው ነጥብ ላይ ውጨኛውን ጠርዝ ይነካል፤ ሦስተኛው ላይ ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ እንዲህ እያለ ይዞራል። ሌላው ሐረግ በተቃራኒው ነው። የነጥቡ ቁጥር ጥንድ ጥንድ የሚካፈል ካልሆነ ሐረጉ አይገጥምም፤ አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሦስት ካደረጋችሁት መጨረሻው ላይ ትጣላላችሁ። የሐረጉ ወርድ አንድ ጋት ተኩል ይሁን።

ሁለቱ በሚገናኙበት አንዱ ከላይ፣ በሚቀጥለው ደግሞ ከታች ያልፋል። ከታች የሚያልፈውን ከላይኛው በጣት ስፋት አርቃችሁ አቁሙት። ያቺ ክፍተት ናት ዓይንን የምታታልለው።

አሁን ክምሩን እዩ

የለቀማችሁትን ሁሉ በቀለም በቀለሙ ክምር አድርጉ። ብዙ ያላችሁ ቀለም ለመደብ፣ ጥቂት ያላችሁ ለመካከልና ለጠርዝ ይሁን። ክርክሩ እዚህ ነው የሚነሳው፤ ይነሳ። ግን አንድ ሰው የመጨረሻ ቃል ይኑረው፤ አለበለዚያ እኩለ ቀን ይሆናል።

ሐሳብ ከጠፋ ግንቡን አስቡ። የፋሲል ግቢ ግድግዳ ጠቆር ባለ ባዛልት ተሠርቶ በርና መስኮቱ ቀላ ባለ ድንጋይ ተከቧል። ያንኑ አድርጉ፤ መደቡ በዋልካና በከሰል ይጥቆር፣ ጠርዝ ጠርዙ በገል ይቅላ። ከሩቅ እንዲነበብ የሚያደርገው ይህ ነው። አረንጓዴ በአረንጓዴ ላይ ግን በአሥር እርምጃ ርቀት ይጠፋል።

ስድስቱን ክንፎች ለስድስት ቡድን አካፍሉ። የክንፉ ጠርዝ ብቻ ተመሳሳይ ይሁን፤ ውስጡን እያንዳንዱ እንዳሻው ይሙላ። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የመላእክቱ ፊት በረድፍ ተደርድሮ ታያላችሁ። ሲያዩት አንድ ይመስላል፤ ደጋግመው ሲያዩት ግን የእያንዳንዱ አስተያየት ለየቅል ነው። ልጆችን በዕድሜ አትለዩ፤ ከትልልቆች ጋር ቀላቅሏቸው። የሕፃናት ቡድን ብቻውን ከሆነ ግማሽ ሰዓት ሠርቶ ኳስ ይጀምራል።

ሥራው ከመካከል ወደ ውጪ ይሂድ። ከውጪ ከጀመራችሁ የሠራችሁትን እየረገጣችሁ ትገባላችሁ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ጠርዙ በፍሬ፣ በድንጋይ ወይም በተጎነጎነ እንቦጭ ይያዝ። ቀጥሎ ዱቄቱና አፈሩ በወንፊት ይነስነስ። ቅጠሉ ከዚያ ይምጣ። አበባው መጨረሻ ላይ ነው፤ ከሁሉ በፊት የሚጠወልገው እሱ ነውና። ከሰልና አመድ ከመነስነሳቸው በፊት ትንሽ ውሃ ይርከፈከፍባቸው። ስንደዶው ከክንፎቹ ሥር ወደ ውጪ እንደ ጨረር ይሰካ።

በየሰዓቱ አንድ ሰው ወንበር ወይም ሰገነት ላይ ወጥቶ ይይ። መሬት ላይ ሆኖ የሚሠራ ሰው መጣመሙን አያውቅም።

ፍየል! አንድ ልጅ በትር ይዞ በር ላይ ይቁም። ቀልድ አይደለም፤ ቡና ሲጠጣ ሐረጉ ተበልቶ ይጠብቃችኋል።

ፎቶ የሚነሳው ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐዩ ዘንበል ሲል ጥላው ቅርጹን ያወጣዋል። እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ነገር ጠፍጣፋ ይመስላል። ስልክ የያዘው ሰው ሰገነት ላይ ይውጣ፤ ሠሪዎቹ ዙሪያውን ይቁሙ።

ማንሳት

አንዳንድ ሰፈር በዚያው ማታ ያነሳዋል፤ አንዳንዱ ለሁለት ቀን ይተወዋል። ከሦስት ቀን በላይ ግን አታቆዩት፤ ቆሻሻ መምሰል ይጀምራል፣ የሠራው ሰውም ያፍርበታል።

ሲነሳ ይለይ። ገሉና የተጣራው አፈር በማዳበሪያ ታስሮ ለሚቀጥለው ይቀመጥ። የእንቦጩ ጉንጉን የእድር ቤቱ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ዓመት ይቆያል። ዘር የያዘው አደይና ሣር ወደተለቀመበት ሜዳ ተመልሶ ይበተን። ለስላሳው ቅጠል፣ ጭዱና የቡናው ዝቃጭ ለጓሮ ፍግ ነው። አመዱም እዚያው በትንሹ ይጨመር። የባሕር ዛፉን ቅጠል ግን ፍግ ውስጥ አትክተቱ፤ ቶሎ አይበሰብስም፣ ችግኝም አያስበቅልም። እሱን ለማገዶ አድርጉት፤ ከልጡ ጋር ቶሎ ይቀጣጠላል።